ለልጁ ያላለቀሰ ለበሬው አለቀሰ

ጉዳዩ ወዲህ ነው። ከገንዳ ውሃ (የድሮ ስሟን ለሚመርጡ ሸኸዲ) ብዙም በማይርቅ አንድ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ አንባቢ እስከ መጨረሻው ከታገሠኝ ራሱ ይደርስበታል።

በአንድ የክረምት መግቢያ ላይ ሁለት ታጣቂ ወገኖች ከእኒህ ሰው ማሳ ወዲያና ወዲህ ሆነው ተታኮሱ። ተኩሱ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም ነበር ይላሉ ያዩት። ሲያበቃ አንደኛው ወገን ወደ ጫካው፣ ሌላኛው ወደ አስፋልቱ ሄደ። መሀል ሜዳ ወድቆ የቀረው ቦራ ብቻ ነው። ቦራ የሽማግሌው በሬ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ።

ሰውየው ሮጠው ደረሱ። ጎረቤትም ተሰበሰበ። አንዱ «ነፍሱ ሳትወጣ ይባረክና ቅርጫ እንግባው፤ ቢያንስ ገንዘቡ ይትረፍዎት» ቢላቸው ቢላዋውን ነጥቀው ወረወሩት። ከዚያ በሬው አጠገብ ቁጭ ብለው እስኪጨልም አለቀሱ። አለቀሱ ስል ዕንባ ጠብ አደረጉ ማለቴ አይደለም። ደረት ደቁ፣ ሙሾ አወረዱ፣ «ቦራዬ! ቦራዬ!» እያሉ አፈር በራሳቸው ላይ በተኑ። ሚስታቸውም መጥተው አብረው ተደፉ።

ወሬው በማግስቱ ገንዳ ውሃ ሲደርስ ምን ሆነ? ሳቅ ሆነ። ምክንያቱም እኒሁ ሰው ከአምስት ወር በፊት ጎረምሳ ልጃቸው ሞቶባቸው አላለቀሱም! ድንኳን አልጣሉም፣ ለቅሶ አልተቀመጡም። ልጁ በሌሊት ተቀበረ፣ አባትየው ጠዋት ማሳቸው ላይ ታዩ። እናም ሻይ ቤት ያለው ሥራ ፈት ሁሉ «ለልጁ ያላለቀሰ ለበሬው አለቀሰ» እያለ ተረተባቸው። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ! ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሳቄ ግን ማታ ቤቴ ስገባ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሰው ለእንስሳ ይህን ያህል የሚያዝነው ለምንድን ነው? በተለይ ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት በጦርነት ጊዜ?

የመጀመሪያው መልስ እንጀራ ነው። ከተሜው «በሬ» ሲባል በዐይኑ የሚመጣበት ክትፎና ጥሬ ሥጋ ነው። ለገበሬ ግን በሬ የገዛ ክንዱ ነው። ሁለት ያለው ጠምዶ ያርሳል። አንድ ያለው ከመሰሉ ጋር መቀናጆ ገብቶ ተራውን ይጠብቃል። ምንም የሌለው መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ የገዛ መሬቱን ምርት እየተካፈለ ይኖራል። እዚህ ቆላ በትራክተር የሚያርሱ ባለሀብቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ደሃው ግን ሰሊጡንም ማሽላውንም የሚዘራው ዛሬም በበሬ ጫንቃ ነው። ዝናብ ጥሎ በሬ የሌለው ገበሬ ፈተና ክፍል ገብቶ እስክሪብቶ እንዳጣ ተማሪ ነው። ጊዜው ይነጉዳል፣ እሱ ቁጭ ብሎ ያያል።

ይህን ታሪካችንም ያውቀዋል። በ1880 ዓ.ም. ጣሊያኖች ለጦራቸው በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀው። ሕዝቡ በሽታውን «ደስታ» ነበር የሚለው፤ እንዲህ ያለ ስምና ግብር! ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደጨረሰ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ሕዝቡ በእጁ እንዲያርስ እስከማሳየት ደረሱ። ያንን ዘመን አባቶቻችን «ክፉ ቀን» አሉት። ልብ በሉ! ዐፄ ዮሐንስ እዚሁ እኛው አገር መተማ ላይ በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦርነት ቆስለው የሞቱት በዚያው ክፉ ቀን ውስጥ ነው። ከወዲህ ጦርነት ሰው ይበላል፣ ከወዲያ በሽታ በሬ ይበላል። ታዲያ የዚያ ዘመን ሰው በሬው ሲሞት ሲያለቅስ የሚያለቅሰው ለማን ነበር? ለበሬው ነው ወይስ ከበሬው በኋላ ለሚሞቱት ልጆቹ?

ጦረኛም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ገበሬውን ሳይነካ ገበሬውን ይገድለዋል። የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. መርዝ ሲያዘንብ ሰውንም ከብትንም ወንዙንም ግጦሹንም ነበር የመታው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ጄኔቭ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ይህንኑ አሰምተዋል። ባዕድ ነውና እንበል። በ2013 ዓ.ም. በጀመረው በሰሜኑ ጦርነትስ? ትግራይ ውስጥ የገበሬ በሬ ታርዶ ተበላ፣ ተዘረፈ። ጦርነቱ ወደ አማራ ክልል ሲዞር ደግሞ በደቡብ ጎንደርና በወሎ የገበሬ ከብት በጥይት ተደበደበ፣ ተነዳ። ያን ጊዜ አንዱ የሌላውን በሬ ሬሳ ፎቶ እያሳየ «አረመኔነቱን እዩልኝ!» ሲል ሰማን። የራሱን ወገን ግፍ ፎቶ ያነሳ ግን አላየንም።

ሁለተኛው መልስ ዝምድና ነው። እኛ ለእንስሳ ስም አውጥተን፣ በስሙ ጠርተን፣ ታምሞ አብረን አድረን፣ «እንስሳ ነው» ስንል የምናታልለው ራሳችንን ነው። በዚህ አገር ጀግና የሚፎክረው በአባቱ ስም ብቻ አልነበረም፤ በፈረሱ ስም ነው። የቋራው ካሳ (ቋራም ዛሬ የእኛው የምዕራብ ጎንደር ወረዳ ናት) ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሆኑ አባ ታጠቅ ተባሉ። ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። «አባ» ማለት እንግዲህ የፈረሱ አባት ማለት ነው። ልጅ እንደ ወለደ ሰው በፈረሱ ስም መጠራት! ከእነዚያ ጌቶች ጋር ቆላ ወርዶ የቀረውን ፈረስ፣ በቅሎና አጋሰስ ግን ማን ቆጠረው? መጻሕፍቱ የሚዘረዝሩት መሳፍንቱንና መኳንንቱን ነው።

ሃይማኖታችንም ቢሆን እንስሳን እንደ ድንጋይ አያየውም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የሚሣሉት በአንበሶቻቸውና በነብሮቻቸው ተከበው ነው። የበለዓም አህያስ? ነቢዩ ያላየውን መልአክ አይታ የቆመች፣ ስትደበደብ «ምን አደረግሁህ?» ብላ አፍ አውጥታ የጠየቀች አህያ ናት። ጦርነት ውስጥ የተመታ እንስሳ ሁሉ አፍ ቢያወጣ የሚጠይቀው ያንኑ ይመስለኛል።

ይህ ደግሞ ወደ ሦስተኛው መልስ ይወስደኛል፤ እሱም ንጽሕና ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ኃይል ሲጀማመሩ ስደተኛው በመተማ ዮሐንስ በኩል ጎረፈ። እኔም ወሬ ልቃርም ብዬ ከገንዳ ውሃ ወደ ድንበሩ ወረድኩ። አንዲት ሱዳናዊት እናት በተሰባበረ አረብኛዬ አነጋገርኳት። ቤቷ በመድፍ መመታቱን፣ ወንድሟ የደረሰበት አለመታወቁን እንደ ዜና አንባቢ በደረቅ ዐይን ነገረችኝ። ከዚያ «ድመቷን ቆልፌባት መጣሁ» አለችና ፊቷን በጥላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። በዚያው ሰሞን ካርቱም ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቆልፎባቸው የቀሩ ከመቶ በላይ እንስሳት ማንም ሳይደርስላቸው በረሃብና በጥም ሳያልቁ እንዳልቀሩ ተነገረ። አዞው የየትኛው ጄኔራል ደጋፊ ነበር?

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ዕንባችን ከመውረዱ በፊት እናጣራለን። ማን ነው? ከየት ነው? ምን አድርጎ ነው? «መቼም ያለ ምክንያት አይገድሉትም» የምንለውን መርገምት ታውቁታላችሁ። ለእንስሳ ግን ማጣሪያ የለም። አልመረጠም፣ አልተሰለፈም፣ ባንዲራ አያውቅም። እንግሊዞች በ1997 ዓ.ም. ለንደን ሃይድ ፓርክ ዳር በጦርነት ለሞቱ እንስሳት ሐውልት ሲያቆሙ ድንጋዩ ላይ ያስቀረጹት ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ምርጫ አልነበራቸውም የሚል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብቻ 8 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ እንዳለቀ ይገመታል።

ቁጥር ደግሞ አያስለቅስም። እኔ ራሴ «በርካታ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ» ብዬ ዜና ልኬ ራቴን በልቼ የተኛሁበት ሌሊት ስንት ነው? ባለቤቶቹ የእገታ ገንዘብ ለመክፈል ንብረታቸውን ሸጠው አገር ጥለው ከሄዱ በኋላ የተዘጋ በር ሥር ተኝቶ የቀረ ውሻ ባየሁ ቀን ግን እህል አልወረደልኝም። ውሻው አንድ ነው። በዐይኔ አየሁት። እሱም አየኝ።

«እሺ፣ ሰው እየተራበ ለእንስሳ ማልቀስ ግን ቅንጦት አይደለም?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነህ፣ የሚሆንበት ጊዜ አለ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ማታ ቴሌቪዥን የነበረው ሰው ያየውን አይረሳም። ደርግ የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ንጉሡ ውሾቻቸውን ሥጋ ከሚያበሉበት ምስል ጋር እየቀያየረ አሳየ። በማግስቱ ዙፋኑ ወደቀ። ውሻ ማብላት ኃጢአት ሆኖ አይደለም፤ የወሎ ሕፃን ቀድሞ መብላት ስለነበረበት ነው።

የታሪክ ምፀት ግን እዚያ አላበቃም። ሉሉ ለሚባለው ትንሽ ውሻቸው ንጉሡ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ የመቃብር ድንጋይ አቁመውለታል። ንጉሡስ? በ1967 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሞቱ ተብለው አፅማቸው ከታላቁ ቤተ መንግሥት ወለል ሥር የወጣው በ1984 ዓ.ም. ነው። በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በወግ የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.። ውሻው መቃብር ሲኖረው ጌታው ለብዙ ዓመታት መቃብር አልነበረውም! ይህን ያደረጉት ለውሻ ስላዘኑ አይደለም። የውሻ መቃብር ማንንም ስለማያስፈራ ነው። የሰው መቃብር ግን ያስፈራል፤ ሰው ይሰበሰብበታል፣ «ማን ገደለው?» ይባልበታል።

እንግዲህ አራተኛውና የመጨረሻው መልስ ይኸው ነው፤ እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ለሰው ማልቀስ በዚህ አገር ብዙ ጊዜ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ሆኗል። በቀይ ሽብር እናት ልጇ ደጃፏ ላይ ተጥሎ እያየች እንዳታለቅስ ተከልክላለች። ሬሳውን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉም አሉ። ያ አለፈ እንበል። በ2009 ዓ.ም.ስ? በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ሆነን ስለ ሰው ሞት ሰልፍ መውጣት ቀርቶ ጮክ ብሎ ማውራት ያሳስር ነበር። በዚያው ዓመት ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፈተ። ሕዝቡ «አህያችንን አናሳርድም!» ብሎ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ ቄራውም በአጭር ጊዜ ተዘጋ። ለሰው ዳባ ለብሶ የነበረ ጆሮ ለአህያ ሰማ! ያን ጊዜ ብዙዎች ስቀን ነበር። ዛሬ ሳስበው ሕዝቡ ለአህያ ብቻ የጮኸ አይመስለኝም። መጮህ የተፈቀደለት ለአህያ ብቻ ስለነበር ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት የተገለበጠ ዕለት ነው፤ ሰውን ፈርቶ አህያውን!

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። በሳምንቱ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው ጨው በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል።

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ስለ ቦራ ሰማሁ። እግዜር ያጽናዎት» አልኳቸው። ሻይ ቤት መሳቄን እንዳልሰሙ ተስፋ እያደረግሁ።

«አሜን ልጄ» አሉኝ። ትንሽ ዝም አሉና «ይገርምሃል፣ ለቦራ እግዜር ያጽናህ ያላለኝ ሰው የለም። ለዚያኛው ግን አንድ ሰው አፉን አልከፈተ።»

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። እሳቸው ግን ግራ ቀኛቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።

«ልጄን ቀን ለቀን ባለቅሰው አንደኛው መጥቶ ‹ከማን ጋር ነበር?› ይለኛል። ሌላኛው መጥቶ ‹ማን ገደለው ነው የምትለው?› ይለኛል። ሌላ ልጅ አለኝ፤ እሱንስ ላትርፈው? በሬ ወገን የለውም። ቦራን ደግሞ ከጥጃነቱ ያሳደገው ሟቹ ነው። እናቱም እኔም እላዩ ላይ ተደፍተን የሆዳችንን አወጣን። አፋችን ‹ቦራዬ› ሲል ሆዳችን የማንን ስም ይጠራ እንደነበር እኛና ፈጣሪ እናውቃለን።»

ጨዋቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ ገበያው መሀል ቀረሁ። ስማቸውን ለምን እንደማልጽፍ አሁን ገባችሁ?

እንግዲህ ለመታኮስ አቅም ላላችሁ ሁሉ፣ ከአስፋልቱም ከጫካውም ላላችሁ፣ አንድ ተራ ጋዜጠኛ የሚላችሁ ይህን ነው። ማን ትክክል እንደሆነ ዛሬ አልከራከርም፤ በሌላ ቀን እንከራከራለን። ሁለት ነገር ግን ከክርክር በፊት ነው። አንደኛው፣ የገበሬን ከብት አትንኩ። ይህ ልመና አይደለም፤ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው የጄኔቭ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ14ኛው አንቀጹ ሲቪሉ ሕዝብ የሚኖርባቸውን ነገሮች ማጥቃትን ይከለክላል። እህልን፣ የእርሻ ቦታን፣ ከብትንና የመጠጥ ውሃን ስም ጠርቶ ይዘረዝራል። ያ ፕሮቶኮል የተጻፈው በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ላሉ ሰዎች ነው፤ ማለትም ለእኛ።

ሁለተኛው፣ ሰው ሬሳውን በቀን ይቅበር። ድንኳኑን ይጣል፣ ሰዉም ይሰብሰብ፣ እናት ልጇን በስሙ ጠርታ ታልቅስ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆማችሁ የመጣውን አትቁጠሩ። የሟቹን አባት «ከማን ጋር ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁት። የእሱ ነበር፤ የአባቱ ነበር። ልጁን ማልቀስ ያልቻለ ሕዝብ ለበሬው ያለቅሳል። ለበሬውም ማልቀስ የተከለከለ ቀን ግን ዕንባው የት እንደሚሄድ እናንተው አስቡት።

ለእኛ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ለምንስቅ፣ ደግሞ ሌላ ምክር አለኝ። ሰው ለድመቱ፣ ለውሻው፣ ለአህያው ከመጠን ያለፈ ሲያለቅስ ባየን ጊዜ «አበደ እንዴ?» ከማለታችን በፊት ቤቱ ማን እንደጎደለ እንጠይቅ። ጮክ ብለን ሳይሆን ቀስ ብለን።

ሽማግሌው በዚያ ክረምት ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር መቀናጆ ገብተው አረሱ፤ ዘግይተው ስለዘሩ ግማሹን ብቻ አገኙ። ጎረቤቱ ማን መሰላችሁ? ያ ቢላዋ ይዞ የመጣው፣ «ቅርጫ እንግባው» ያላቸው ሰው ነው። በሬውን አምጥቶ «ይኸው፣ እኩል እንረስ» አላቸው። ስለ ልጁ አላነሣባቸውም። የአንድ ቀን የእርሻ ተራውን ግን፣ ልጁ የሞተበት ቀን በወር በመጣ ቁጥር፣ «ዛሬ እርስዎ ይረፉ» እያለ ይለቅላቸው እንደነበር ሰምቻለሁ።

ቸር ወሬ ያሰማን።